ስንት ጀሪካን ይጠጣል? የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የውሃ መለያው

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለት ቁጥሮች ጎልተው ይጻፉበታል። አንዱ ስንት ኪሎ ልብስ እንደሚይዝ፣ ሌላው በደቂቃ ስንት ጊዜ እየተሽከረከረ እንደሚጨምቅ ይናገራል። ሦስተኛው ቁጥር ማሽኑ በአንድ እጥበት ስንት ሊትር ውሃ እንደሚጠጣ የሚገልጸው ነው፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል ከታች ይቀመጣል፣ አንዳንድ ማሽን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። የውሃ ቁጠባ መለያ የሚባለው ይህን ሦስተኛ ቁጥር ከተሸሸገበት አውጥቶ ከገዢው ዓይን ፊት የሚያኖር ተለጣፊ ነው። መለያውን ተከትሎ የሚመጣው ማበረታቻ ደግሞ ውሃ ቆጣቢውን ማሽን ለመረጠ ሰው የሚሰጥ ቅናሽ፣ የገንዘብ ተመላሽ ወይም የቀረጥ እፎይታ ነው።

መለያው ምን እንደሚለካ ለመረዳት ማሽኑ ውሃውን የት የት እንደሚያጠፋ ማወቅ ይበጃል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስቀመጠው፣ ልብስ የሚነጻው በሳሙና፣ በሙቀት፣ በመታሸትና በጊዜ ቅንጅት ነው። አንዱ ሲቀነስ ሌላው መጨመር አለበት። ውሃ የአራቱም ተሸካሚ ነው። ከላይ በሚከፈት ማሽን ውስጥ ልብሱ እንዲንሳፈፍና እንዲንቀሳቀስ ገንዳው በውሃ መሞላት ይኖርበታል። ከፊት በሚከፈተው ግን ከበሮው ልብሱን እያነሣ ከላይ ወደ ታች ስለሚጥለው ሥራውን የሚሠራው መውደቁ ነው፤ ውሃው ልብሱን ካረጠበና ከሥር ጥቂት ከተጠራቀመ ይበቃል። 7 ኪሎ የሚይዝ ዘመናዊ ከፊት የሚከፈት ማሽን በአንድ ዙር በ50 ሊትር አካባቢ ሥራውን ሲጨርስ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ከላይ የሚከፈት ማሽን 100 ሊትርና ከዚያ በላይ መጠየቁ ከዚህ የመጣ ነው።

ብዙዎች ውሃው የሚያልቀው በማጠቡ ጊዜ ይመስላቸዋል። ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ግን ሳሙናውን ለማስወጣት፣ ማለትም በማለቅለቁ ነው። ስለዚህ አረፋ የውሃ ጠላት ነው። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ የዱቄት ሳሙና በአውቶማቲክ ማሽን ውስጥ ሲጨመር አረፋው ገንፍሎ ማሽኑ ራሱ ተጨማሪ የማለቅለቂያ ዙር ይጀምራል፤ መለያው ላይ የተጻፈው 50 ሊትርም የወረቀት ላይ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። አረፋ ያልታየበት እጥበት እንዳልታጠበ መቆጠሩ የቆየ ልማድ ነው። የፋብሪካ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚያነጣው እንዶድም አረፋው ብዙ ነበር። በዚሁ የእንዶድ አረፋ ምክንያት ነው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል የደረሱበት። በወንዝ ዳር ውሃ ስለማይቆጠር የአረፋ ብዛት ማንንም አያስጨንቅም። በቆጣሪ የሚገባ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው።

የውሃ መለያን በሕግ አስገዳጅ በማድረግ ስሟ ቀድሞ የሚነሣው አውስትራሊያ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2009 የዘለቀው ታላቁ ድርቅ ግድቦቿን ባጎደለበት ዘመን፣ በ2005 የውሃ ብቃት መለያና ደረጃዎች ሕግን አወጣች። ከሐምሌ 2006 ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የሻወር፣ የቧንቧና የመጸዳጃ ዕቃዎች ያለ መለያ እንዳይሸጡ ተደረገ። መለያው እስከ ስድስት የሚደርሱ ኮከቦችና ከሥራቸው የሊትር ቁጥር አለው።

የኮከቦቹ ስሌት ቀላል ነው፤ ገዢውን ሊያሳስት የሚችለውም እዚያው ላይ ስለሆነ በዝርዝር ማየቱ አይከፋም። አንድ ኮከብ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ የመያዝ አቅም 30 ሊትር ለሚወስድ ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ኮከብ ከቀደመው 30 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት 7 ኪሎ የሚይዝ ማሽን በአንድ ኮከብ 210 ሊትር፣ በሁለት 147፣ በሦስት 103፣ በአራት 72፣ በአምስት 50 ሊትር ያህል ይጠጣል። አሁን ደግሞ አሥር ኪሎ የሚይዝ ባለ አራት ኮከብ ማሽን ይታሰብ፤ የሚወስደው 103 ሊትር ያህል ነው። ይህ ማለት ትልቁ ባለ አራት ኮከብና ትንሹ ባለ ሦስት ኮከብ በአንድ እጥበት እኩል ውሃ ይጨርሳሉ ማለት ነው። አሥር ኪሎ ልብስ ሞልቶ ለሚያጥብ ቤተሰብ ኮከቡ እውነቱን ተናግሯል። በየሁለት ቀኑ አራት ኪሎ ለሚያጥብ ቤት ግን ኮከቡ ሸንግሎታል። እርግጥ አዳዲስ ማሽኖች የልብሱን ክብደት መዝነው ውሃውን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በግማሽ ልብስ የሚወስዱት ውሃ በሙሉው ከሚወስዱት እኩሌታ አይሆንም፣ ይበልጣል። ስለዚህ ከኮከቡ ይልቅ ከሥሩ ያለው የሊትር ቁጥር ቢነበብ ይሻላል።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችውን አስገዳጅ መለያ በ2011 ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አስፋፍታለች፤ እዚያ የብቃቱ መጠን የሚገለጸው በኮከብ ሳይሆን በእርማት ምልክት ብዛት ነው። የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኅብረቱ መለያ ከኤ እስከ ጂ ያሉ ፊደላትን ይጠቀማል፤ ፊደሉ የሚመዝነው ግን የኤሌክትሪክ ፍጆታን ብቻ ነው። ውሃው ከሥር በቧንቧ ሥዕል አጠገብ በሊትር ተጽፏል። ኤ ያገኘ ማሽን ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ውሃ ይጠጣል ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ በመሆናቸው የሚለጠፍባቸውም የሌላ አገር መለያ ነው። አንዱ ላይ ኮከብ፣ ሌላው ላይ ፊደል፣ ሦስተኛው ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ይታያል። እነዚህ ምልክቶች እርስ በርስ አይመነዘሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ 31600 የተባለውን የውሃ ብቃት መለያ ደረጃ ያወጣውም አገሮች ተቀራራቢ አሠራር እንዲከተሉ ነው።

ሁሉም መለያዎች አንድ የጋራ ግምት አላቸው፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ በበቂ ግፊት ይመጣል ብለው ይነሣሉ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ለቡንና ጀሞን በመሰሉ ሰፈሮች አቅራቢያ በሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት ይህ ግምት በየዕለቱ ይፈተናል። ስሙ ልብስ ስፌትን በሚያስታውሰው በዚህ ሰፈር ልብስ የማጠቡ ፕሮግራም የሚወጣው በቤቱ እመቤት ሳይሆን በፈረቃ ነው። ውሃ የምትመጣው በተራዋ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። «ውሃ መጣች!» ሲባል መጀመሪያ የሚሞላው ሮቶ፣ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ጀሪካን ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ ሜዳ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አላት። የሰሜኑንና የመሃሉን ክፍል ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ሲመግቡ፣ የደቡቡ ክፍል በአብዛኛው የሚደገፈው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች በሚሳብ ውሃ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ደግሞ በፓምፕ ኃይል ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

አውቶማቲክ ማሽን ውሃ የሚቀበለው በኤሌክትሪክ በሚከፈት ትንሽ በር ነው። ይህ በር እንዲሠራ ብዙ አምራቾች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃሉ። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሁለት ሜትር ብረት ላይ የተቀመጠ ሮቶ እንግዲህ 0.2 ባር ብቻ ይሰጣል። ማሽኑ ይጠብቃል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የስህተት ምልክት ብልጭ ይልና ሥራው ይቆማል። ብዙ ጊዜ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ባለሙያ የሚጠራው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሮቶውን ሰገነት ላይ መስቀል ወይም ትንሽ የግፊት ሞተር መጨመር ነው፤ ያኔ ደግሞ የሞተሩ መብራት በማሽኑ መብራት ላይ ይደመራል። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ነዋሪ ችግሩን በደንብ ያውቀዋል። ውሃ እላይኛው ወለል እስኪደርስ ብቻ ከአንድ ባር በላይ ግፊት ይበላል።

በዚህ ምክንያት ባለ ሁለት ገንዳው ሴሚ አውቶማቲክ ማሽን በፈረቃ ሰፈሮች ገበያ አላጣም። ውሃው በእጅ ይጨመርበታል፤ ጀሪካን ዘቅዝቆ መሙላት ይበቃል፣ ግፊት አይጠይቅም። በላብራቶሪ ሚዛን ሴሚ አውቶማቲክ ውሃ አባካኝ ተብሎ የሚመደብ ነው፤ በተለይ ቧንቧ ከፍቶ እየፈሰሰ የሚያለቀልቅ ሰው እጅ ላይ ሲወድቅ። ቆጣቢ እጅ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአንዱ ውሃ መጀመሪያ ነጩ ልብስ፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙ፣ መጨረሻ ካልሲና የወለል ጨርቅ ይታጠብበታል። የማለቅለቂያው ውሃ በባልዲ ተይዞ ለመጸዳጃ ቤት ይሄዳል። አውቶማቲኩ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ የተጠቀመበትን ውሃ በራሱ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይሸኘዋል፤ ቱቦውን ወደ በርሜል የሚያዞር ብልህ ቤተሰብ ካልሆነ በስተቀር። መለያው አንድን ዙር እንጂ የአንድን ውሃ ሙሉ ጉዞ አይለካም። ይህ የመለያው ጥፋት አይደለም፤ የተሠራው ሌላ ዓይነት ቤት ታስቦ ነው።

ልብሱም የራሱ ጣጣ አለው። ማሽን የሚፈተሸው በተመጠነ የጥጥ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ ነው፤ አቅሙ የሚቆጠረውም በደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የተሸመነ ጥጥ በመሆኑ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከሌላ ልብስ ጋር አጭቀው ሲያስገቡት ከበሮው ሚዛኑን ይስታል፣ ሲጨምቅ ማሽኑ ይዘላል፣ አንዳንዱም ውሃ ጨምሮ እንደገና ለማመጣጠን ይሞክራል። ለብቻው ጨመቃው ቀነስ ባለ ፕሮግራም ማጠቡ ይመረጣል። የአውሮፓው መለያ የሚለካበት ቆጣቢ ፕሮግራም ከሦስት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሙቀቱንና ውሃውን ቀንሶ በጊዜ ይክሳል፣ ልክ ዚነር እንዳለው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሦስት ሰዓት ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ተቋርጦ ከመጀመሪያው የሚጀምር ማሽን ቆጣቢነቱ ለሁለት ይከፈላል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያጥብ ቤት በዓመት 156 ዙር ያጥባል። 103 ሊትር ከሚወስድ ማሽን ይልቅ 50 ሊትር የሚወስደውን ቢይዝ በዓመት ከ8,000 ሊትር በላይ ይተርፈዋል። ይህ ስምንት ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ፣ ወይም ከ400 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን ሦስት ፎቅ ደረጃ ያወጣ ሰው ቁጥሩን ከየትኛውም ባለሙያ በተሻለ ይረዳዋል።

ታዲያ ሰው ቆጣቢውን እንዲገዛ ምን ያነሣሣዋል? ውድ ውሃ የመጀመሪያው መልስ ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የሊትሩ ዋጋ ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱና ሦስት አራት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። ሂሳቡ በሰው ቁጥር ወይም በቤት ሲካፈል ደግሞ አንዱ ተከራይ የቆጠበው ውሃ ጥቅሙ ለሁሉ ይበተናል። የቆጠበውም ያባከነውም እኩል ይከፍላሉ። በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑም በሂሳቡ ላይ የሚታየው ቅናሽ የማሽኑን የዋጋ ልዩነት ለመመለስ ረጅም ዓመት ይፈልጋል። ቧንቧው ሲደርቅ ከቦቴ የሚገዛው ውሃ ግን ሌላ ዋጋ አለው፤ ለፈረቃ ሰፈር ነዋሪ እውነተኛው የቁጠባ ሒሳብ የሚሠራው በዚያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የገንዘብ ተመላሽ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009፣ ኩዊንስላንድ ደግሞ ከ2006 እስከ 2008 ባካሄዷቸው ፕሮግራሞች ቆጣቢ ማጠቢያ ማሽን የገዛ ቤተሰብ ደረሰኙን አቅርቦ ከዋጋው የተወሰነውን ያስመልስ ነበር። በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ያሉ የውሃ ድርጅቶች ለዓመታት ተመሳሳይ ክፍያ ሰጥተዋል። የዚህ ዘዴ ድክመት የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚወስደው ያለ ተመላሹም ማሽኑን ይገዛ የነበረው ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ አሮጌ ማሽን እዚህ አይሞትም። ለዘመድ ይሰጣል፣ መርካቶ ይሸጣል፣ ተጠግኖ ሌላ ሰፈር ውሃ ሲጠጣ ይኖራል። አዲሱን ብቻ የሚደጉም ፕሮግራም ስለዚህ የማሽኑን ቁጥር ከመጨመር ላያልፍ ይችላል። የሚያዋጣው አሮጌውን የሚቀበል አሠራር ነው፤ ለከተማው እንግዳ ሐሳብም አይደለም። «ልዋጭ» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋና ባልዲ ሲሰጥ ኖሯል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽንም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለደንበኞቹ ቆጣቢ አምፖሎችን ባከፋፈለ ጊዜ ይህንኑ መንገድ በሌላ መልክ ሞክሯል።

ሦስተኛውና ለኢትዮጵያ የቀረበው መንገድ ቀረጥ ነው፤ ማሽኑ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ መንግሥት በር ላይ ያገኘዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽንን 30 በመቶ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽንን 80 በመቶ አስከፍሏል። ውሃ አባካኙም ቆጣቢውም እኩል ይቀረጡ ነበር፤ ሚዛኑ የማሽኑ ጠባይ ሳይሆን የባለቤቱ ድሎት ነበርና። ልብስ ማጠብ የሴት ሥራ ተደርጎ በሚታይበት አገር ያንን ድካም የሚያቀል ዕቃ ከድሎት ጋር መመደቡ ዛሬ ሲታይ ያስገርማል። አዋጁን የተካው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 በመኪና ላይ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ ያረጀ መኪና ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ታክስ ይከፍላል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከዚያ ወዲህ ከኤክሳይዝ ነፃ ሆነዋል። ዕቃን በፍጆታው ለይቶ መቅረጥ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለማጠቢያ ማሽን ያልተሠራበት የሚለይበት መለያ ስለሌለ ነው። ሊትሩ የማይታወቅ ማሽን በሊትሩ ሊቀረጥ አይችልም።

መለያውን የሚያወጣ ተቋምስ አለ? በኤሌክትሪክ በኩል ጅምሩ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ተቋሙም በቤት ውስጥ ብዙ መብራት የሚበላውን የእንጀራ ምጣድ ይዞ በብቃት ደረጃ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረትም ውሃና ኢነርጂ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ደረጃ የሚያወጣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ ዕቃ የሚፈትሽ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም አሉ። ማጠቢያ ማሽን ውሃንና መብራትን በአንድነት የሚበላ ዕቃ ስለሆነ በአንድ ተለጣፊ ላይ ሁለቱን ማስፈር ይቻላል። ሆኖም የውጩን መለያ ገልብጦ መለጠፍ ለሀይሌ ጋርመንት ገዢ ብዙም አይጠቅመውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው በሙሉና በግማሽ ልብስ ስንት ሊትር እንደሚወስድ፣ በስንት ባር ግፊት እንደሚሠራ፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል እንደሆነ ነው። ሦስቱም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የአንድ መዳፍ ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ይሠፍራሉ።

መለያ የሌለው ማሽን ያለው ቤት ቁጥሩን በራሱ ማግኘት ይችላል። ውሃ በመስመር በምትመጣበት ሰዓት ሌላው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፣ ወደ ሮቶ የሚገባውም እንዲሁ። ከዚያ የቆጣሪው ንባብ ይመዘገባል፤ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብን፣ ቀዮቹ ከሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ፣ ሦስተኛው ቀይ አሃዝም ሊትር ነው። ማሽኑ አንድ ሙሉ ዙር ከጨረሰ በኋላ ቆጣሪው እንደገና ይነበብና ልዩነቱ ይወሰዳል። ከሮቶ ብቻ ለሚጠቀም ቤት ደግሞ የፍሳሽ ቱቦውን ወደ በርሜል አዙሮ የተጠራቀመውን በ20 ሊትር ጀሪካን መስፈር ይበቃል፤ ልብሱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው።